ከቀይ ሱሪ እስከ ዝንጉርጉር ልብስ

በዱሮ ዘመን ጦረኛ ወደ ጦር ሜዳ ሲወጣ የሚለብሰው እንዲታይ ነው እንጂ እንዲሰወር አልነበረም። የአገራችን ጀግና ለምዱን ደርቦ፣ ጎፈሩን ደፍቶ፣ በብር የተለበጠ ጋሻውን ይዞ ሲሰለፍ፣ ወዳጁም ጠላቱም ከሩቅ አይቶ ማንነቱን እንዲያውቅለት ይሻ ነበር። ጀግንነት ምስክር ይፈልጋልና፤ ማንም ሳያየው የተዋጋ ሰው ተመልሶ ቢፎክር ማን ያምነዋል? በኤውሮጳም ቢሆን ነገሩ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። የእንግሊዝ ወታደር ከ1645 ጀምሮ ቀይ ኮት ሲለብስ፣ የኦስትሪያው ነጭ፣ የፕሩሲያው ሰማያዊ ይለብስ ነበር፤ የፈረንሳይ እግረኛ ደግሞ ከ1829 ጀምሮ እንደ በርበሬ የቀላ ሱሪ ታጠቀ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት «የኢትዮጵያ» ተብለው ካልተለዩ በቀር እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁሉ ጌጥ ለኩራት ብቻ የተደረገ አይምሰለን። በዚያን ዘመን የነበረው ባሩድ ሲተኮስ ወፍራም ጢስ ያወጣ ነበርና፣ ሦስት አራት ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ሜዳው እንደ ደጋ ማለዳ ጉም ይለብሳል። በኮረብታ ላይ ቆሞ የሚያዝዘው የጦር አለቃ የራሱን ሰው ከጠላቱ ሰው የሚለየው በልብሱ ቀለም ነው። ጠመንጃውም ከመቶ ሜትር ብዙ አልፎ ዒላማ የሚመታ ስላልነበረ፣ መሰወር ለወታደሩ የሚያስገኝለት ጥቅም ትንሽ ነበር። እንግዲህ ቀይ ኮት በዘመኑ ብልኃት ነበር ማለት ነው። ሞኝነት የሆነው ዘመኑ ካለፈ በኋላ ነው፤ የእኛም ነገር ከዚያ ይጀምራል።

አፈር የሚመስል ልብስ ለወታደር የደንብ ልብስ አድርጎ በመስጠት ስሙ የሚነሣው ሃሪ ለምስደን የተባለው የእንግሊዝ መኮንን ነው። ይህ ሰው በ1846 በፔሻዋር አንድ የመንገድ መሪዎች ጦር አቋቁሞ፣ የአገሩ ተራራና ሜዳ ሁሉ አቧራ መሆኑን ባየ ጊዜ ለሰዎቹ አቧራ የመሰለ ልብስ ሰጣቸው። «ካኪ» የሚለውም ቃል ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ትቢያማ፣ አፈርማ ማለት ነው። እኛም እስከ ዛሬ በገበያ «ካኪ» እያልን የምንገዛው ጨርቅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በ1857 ህንዶች በእንግሊዝ ላይ በተነሡ ጊዜ፣ ነጭ የበጋ ልብስ የነበራቸው የእንግሊዝ ወታደሮች ልብሳቸውን በሻይና በጭቃ ሳይቀር እየነከሩ አደበዘዙት። ትእዛዝ ከለንደን እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ጥይት የሚፈራ ሰው የጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አይጠብቅም።

ካኪ የለበሰ የእንግሊዝ ጦር በአንድ ትልቅ ዘመቻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ግን በህንድ አገር ሳይሆን በእኛው ምድር ነው። በ1860 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዠኔራል ናፒየር አሥራ ሦስት ሺህ ያህል የእንግሊዝና የህንድ ወታደር ይዞ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከነጮቹ ወታደሮች ብዙዎቹ ይህን አፈርማ ልብስ ለብሰው ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በእሮጌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ጦሮች ሲገናኙ የታየውን ሥዕል አንባቢ በልቡናው እንዲያቆመው እንለምናለን። ከላይ ከፈላ አምባ የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት እየፎከረ ይወርዳል፤ ከፊት የሚጋልቡት መኳንንት ቀይ ልብስ ለብሰዋል፤ ከኋላቸው የሚከተለው ሕዝብ ሸማው ነጭ ነው። ከታች የሚጠብቃቸው ሰልፍ ደግሞ የቆመበትን አፈር ይመስላል። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ በቀይ ልብሱ የታወቀው ጠላት ቀዩን አውልቆ ሲመጣ፣ ቀዩን የለበሰው የእኛ ወገን ሆነ።

ጦርነቱ የተፈታው በልብስ ቀለም ነው ብሎ የሚያወራ ሰው ቢኖር ስሕተት ነው። የፈታው ከኋላው የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃና ሮኬቱ ነው። ገብርዬ በዚያው ወደቁ፤ ከሰዎቻቸውም ሰባት መቶ ያህል ሞቱ። ከእንግሊዝ ወገን በሜዳው ላይ የሞተ አልነበረም፤ ከሃያ የማይበልጡ ሰዎች ቆሰሉና ሁለቱ ኋላ ሞቱ። ዳሩ ግን ፈጥኖ የሚተኩስ፣ ከሩቅ የሚመታ ጠመንጃ በመጣበት ቀን ደምቆ መታየት ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ለማግኘት ያስቸግራል። የሚያስገርመው እንግሊዞች ራሳቸው ከእሮጌ ያዩትን ቶሎ አለመማራቸው ነው። በ1881 በማጁባ ተራራ የቦኤር ገበሬዎች አድፍጠው ሲለቅሟቸው ከወታደሮቻቸው ብዙዎቹ ገና ቀይ ኮት ለባሾች ነበሩ፤ ቀዩን ለመጨረሻ ጊዜ በውጊያ የለበሱትም በ1885 መጨረሻ በሱዳን፣ ጊኒስ በተባለ ስፍራ ነው።

ከዚህ በፊት ባለው ዓመት፣ በ1884፣ ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚካል ሊቅ ጢስ የሌለው ባሩድ ሠርቶ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥም ለቤል የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ መተኮስ ጀመረ። የተኳሹን ቦታ የሚያመለክተው ጢስ ጠፋ፤ ሜዳውን የሚሸፍነውም ጉም አብሮ ጠፋ። ከእንግዲህ ወዲያ ያልታየ ይገድላል፤ የታየ ይሞታል። እንግሊዞች ይህን ከቦኤሮች ጋራ በ1899 እንደገና ሲዋጉ ዳግመኛ ተምረው፣ በ1902 ካኪን በአገራቸውም ላለው ሠራዊት የአገልግሎት ልብስ አደረጉት። ጀርመኖች ከ1910 ጀምሮ ዐመድማ ግራጫ ለበሱ። ኢጣልያኖችም ሩሲያኖችም እንዲሁ ቀለማቸውን አደበዘዙ። ባሩዱን የፈጠረው ሕዝብ ብቻ ቀይ ሱሪውን ይዞ ቀረ።

ስለዚህ የፈረንሳይ ነገር ጥቂት እንቆይ፤ የታሪኩ ሐዘን ያለው እዚህ ላይ ነውና። በ1911 የጦር ሚኒስትር የነበሩት አዶልፍ ሜሲሚ ለወታደሩ ዐመድ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ልብስ እንዲሰጠው አሳሰቡ። ጋዜጦች ተነሡባቸው፤ የፈረንሳይን ወታደር ጭቃ ማልበስ ማለት ክብሩን መግፈፍ ነው ተባለ። በ1913 ስለዚሁ ነገር በምክር ቤት ክርክር በሆነ ጊዜ፣ ኤውዤን ኤትየን የተባሉት ሹም ቀይ ሱሪ ማለት ፈረንሳይ ማለት ነው እስከ ማለት እንደ ደረሱ ይነገራል። እነዚህን ሰዎች ዛሬ መሳቂያ ማድረግ ቀላል ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ክርክሩ የቀለም አልነበረም፤ ወታደር ከጠላቱ ፊት ተደብቆ ሊቆም ይገባዋልን? የሚል ነበር። የክብር ጥያቄ በሆነ ነገር ላይ የሂሳብ መልስ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይሸነፋል፤ ሜሲሚም ተሸነፉ።

ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ1914 ክረምት፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ ክር ተደባልቆ የሚሠራ፣ ከሩቅ ሲታይ ደብዛዛ የሚሆን ጨርቅ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ሦስቱን የሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች በአንድ ጨርቅ ውስጥ ማግባታቸው የሁለቱን ወገኖች ክርክር ለማስታረቅ ይመስላል። ነገር ግን ጊዜው አለፈ። ኦገስት 22 ቀን 1914 በቤልጅግና በሎሬን ድንበር ላይ ሃያ ሰባት ሺህ ያህል የፈረንሳይ ወታደሮች በአንድ ቀን ሞቱ፤ በፈረንሳይ ታሪክ ይህን የሚያህል ሰው ያለቀበት ሌላ ቀን የለም። የገደላቸው መትረየስና መድፍ፣ ደግሞም ሳያዩ ወደ ፊት መሮጥን ያስተማራቸው የጦር ትምህርት ነው፤ ሱሪው ብቻ አይደለም። ሆኖም በነሐሴ ፀሐይ በስንዴ ማሳ መካከል የሚሄድ ቀይ ሱሪ ከሩቅ እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ ወታደር መሆን አያስፈልግም።

በዚህም ላይ አንድ ነገር አለ። ሱሪው የሚነከርበት ቀይ ቀለም ቀድሞ በፈረንሳይ ደቡብ ከሚበቅል ተክል ሥር የሚገኝ ነበር፤ ጀርመኖች በ1869 በኬሚካል መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ግን የፈረንሳይ ገበሬ እርሻውን ተወውና ቀለሙ ከጀርመን አገር ይገዛ ነበር። ለፈረንሳይ ክብር ምልክት ነው የተባለው ቀለም ከጠላት ፋብሪካ የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። ጦርነቱ ሲጀመር በሩ ተዘጋ፤ ከአዲሱ ጨርቅም ቀዩ ክር ወጣና ሰማያዊና ነጩ ብቻ ቀረ። የፈረንሳይ ወታደር ጦርነቱን የጨረሰበት ያ የታወቀው ሰማይማ ልብስ እንዲህ ሆኖ ተወለደ። ክርክር ያላወለቀውን ቀይ የንግድ መንገድ መዘጋት አወለቀው።

በዚያው ዓመት በናንሲ ከተማ ሉዊ ገንጎ የሚባል ሠዓሊ፣ ኤውዤን ኮርበን ከተባለ ባለ መደብር ነጋዴ ጋራ ሆኖ አንድ ተራ ኮት ወሰደና አረንጓዴ፣ ቡናማና ጥቁር ቀለም እያንጠባጠበ እንደ ቅጠልና እንደ ጥላ አዥጎረጎረው። ለጦር ባለ ሥልጣኖች ቢያሳየው አልተቀበሉትም። ገና ስለ ቀይ ሱሪ በሚከራከሩ ሰዎች ፊት ዝንጉርጉር ኮት ይዞ መቅረብ ከዘመን መቅደም ነው።

ሌላው ሠዓሊ ግን ዕድል ቀናው። ገራን ደ ሴቮላ የባለጸጋ ወይዛዝርትን መልክ በመሣል በፓሪስ የታወቀ ሰው ሲሆን፣ በ1914 መድፈኛ ሆኖ ዘምቶ ነበር። መድፋቸው በጠላት እየታየ ሲመታ ባየ ጊዜ፣ መድፉን በተቀባ ሸራ ቢሸፍኑት ዓይን ሊታለል ይችላል ብሎ አሰበ። በ1915 የካቲት ወር በእርሱ መሪነት የመሰወር ሥራ ክፍል በሠራዊቱ ውስጥ ተቋቋመ፤ ምልክቱም እስስት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊው፣ ቅርጽ አውጪው፣ የቴአትር መጋረጃ ሠሪው ሁሉ ብሩሹን ይዞ ወደ ግንባር ተጠራ። «ካሙፍላዥ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃልም ወደ ዓለም ቋንቋዎች ሁሉ የገባው በዚህ ጊዜ ነው።

የሠሩትን ሁሉ ለመዘርዘር ቦታ አይበቃም፤ አንዱን ብቻ ልንገር። በሁለቱ ምሽጎች መካከል በመድፍ የተቃጠለ አንድ ደረቅ ዛፍ ቆሞ ከሆነ፣ ሠዓሊው በድብቅ ቀርቦ ቅርንጫፉንና ስንጥቁን አንድ ሳያስቀር ይሥለዋል። በኋላ በሥራ ቤት ውስጡ ክፍት የሆነ፣ በብረት የተለበጠ መንታው ይሠራል። ሌሊት መድፍ እየተተኮሰ ድምፁ ሲሸፍንላቸው እውነተኛውን ዛፍ ቆርጠው ሐሰተኛውን ይተክላሉ። ሲነጋ ጠላት ያንኑ የሚያውቀውን ዛፍ ያያል፤ በዛፉ ሆድ ውስጥ ግን ሰው ተቀምጦ እርሱን ያያል።

በዚያን ጊዜ ሥዕልን እየሰባበሩ የሚሥሉት የአዲሱ ትምህርት ሠዓሊዎች ለዚህ ሥራ ተስማሚ ሆነው ተገኙ። ፒካሶ በፓሪስ መንገድ ላይ የተዥጎረጎረ መድፍ ሲያልፍ አይቶ፣ ይህን የፈጠርነው እኛ ነን ብሎ ተናገረ ይባላል። በጀርመንም ወገን ፍራንዝ ማርክ፣ ሰማያዊ ፈረሶችን በመሣል የታወቀው፣ በ1916 የመድፍ መሸፈኛ ሸራዎችን ይቀባ ነበር፤ በዚያው ዓመት በቨርደን ጦርነት ሞተ።

የነገሩ ምሥጢር ምን ይሆን? ይህን ከጦርነቱ በፊት የመረመረው አቦት ታየር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። ሚዳቋን ያየ ሰው ሆዷ ከጀርባዋ ይልቅ የነጣ መሆኑን ያውቃል። ፀሐይ ከላይ ስታበራ ጀርባ ይደምቃል፣ ሆድ ይጠላል፤ ተፈጥሮ ግን ጀርባውን አጥቁራ ሆዱን ስላነጣችው ብርሃንና ጥላው ይተካከልና እንስሳው ክብ አካል መሆኑ ይጠፋል። ታየር ይህን በ1896 ጽፎ አስረዳ። ሁለተኛው ምሥጢር የነብር ነው። ነብር የሚሰወረው ቀለሙ ሣር ስለ መሰለ ብቻ አይደለም፤ ነጠብጣቡ የገላውን ዳርቻ ስለሚቆራርጠው ዓይን አንድ አውሬ ማየቱን ትቶ ብዙ ቁርጥራጭ ጥላ ያያል። ሰው ሌላውን ሰው በሩቅ የሚያውቀው በትከሻውና በራሱ ቅርጽ ነውና፣ ያ ቅርጽ ከተቆረጠ ሰውነቱ ይጠፋል። ታየር ግን ያገኘውን እውነት አለልክ ዘረጋው፤ ፍላሚንጎ እንኳ ሮዝ የሆነችው በማታና በማለዳ ሰማይ ውስጥ እንድትሰወር ነው ብሎ ተከራከረ። ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ አዳኝም ስለ ነበረ፣ በጽሑፍ አፌዘበት። በአብጃታ ሐይቅ ዳር ፍላሚንጎን ያየ ሁሉ ለማን እንደሚፈርድ የታወቀ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተዥጎረጎረው መድፍ፣ ሸራና መርከብ እንጂ ሰው አልነበረም፤ ለሚሊዮን ሰው ልብስ በእጅ መቀባት አይቻልምና። በፋብሪካ የታተመ ዝንጉርጉር ጨርቅ ለሠራዊት በብዛት በመስጠት የቀደመችው ኢጣልያ ናት። በ1929 የወጣው ጨርቅ ለድንኳንና ለዝናብ ልብስ የሚሆን ነበር፤ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ አገልግሏል። ጀርመን በ1931 እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ስንጥርጣሪ የሆነ ንድፍ ያለው የድንኳን ሸራ አወጣች፤ ቆይቶም ዮሐን ጆርጅ ኦቶ ሺክ የተባለው የሙኒክ ሠዓሊ የዛፍ ቅጠልና በቅጠል መካከል የሚያልፍ ብርሃን የሚመስሉ ንድፎችን ሠራ፤ በአንዱ ገጽ የጸደይ አረንጓዴ፣ ሲገለበጥ የመከር ቡናማ ነበሩ።

ኢጣልያ ያንን ሸራ ባወጣች በስድስተኛው ዓመት ኢትዮጵያን ወረረች። በጥቅምት ወር 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የራስ ሙሉጌታ መሐል ሰፋሪ አዲስ አበባ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲሰለፍ፣ ጎፈርና ለምድ፣ ጎራዴና ጋሻ እንደ ወጉ ታየ። ጆርጅ ስቲር የተባለው የታይምስ ጋዜጣ ወኪል እንደ መዘገበው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሠራዊቱ የሰጡት ምክር ከዚህ ሁሉ ጌጥ ጋራ የሚጋጭ ነበር፤ ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትሂዱ፤ እንደ ዛሬው ተሰብስባችሁ አትታዩ፤ ተበታትናችሁ፣ ተሸሽጋችሁ፣ በድንገት ምቱ የሚል ነበር። ከአውሮፕላን ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ነጭ ሸማ በአረንጓዴ ተራራ ላይ ምን እንደሚመስል ንጉሠ ነገሥቱ ተረድተውት ነበር። ነገር ግን አባቶቹ በዐድዋ በግልጽ ተሰልፈው ሲያሸንፉ የሰማ ሰው ተደብቀህ ተዋጋ ሲባል በአንድ ቀን ልቡ አይመለስም። ከፈረንሳይ ቀይ ሱሪ ክርክር ጋራ አስተያይቶ ለሚመለከት፣ ጥያቄው ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የፈረንሳይ ሹማምንት እምቢ ያሉትን የእኛው ንጉሥ ራሳቸው መምከራቸው ነው። ያ ጦር በየካቲት ወር በእምባ አራዶም በቦምብና በመድፍ ተደበደበ። ምክሩን በሥራ የፈጸሙት በኋላ በየጫካው አምስት ዓመት የቆዩት አርበኞች ናቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ያልታሰበ ነገር መጣ። አሜሪካኖች በ1942 ኖርቬል ጊሌስፒ የተባለ የአትክልት ባለሙያና ጸሐፊ በነደፈው፣ እንደ እንቁራሪት ቆዳ በተዥጎረጎረ ልብስ በፓስፊክ ደሴቶች ተዋጉ። በ1944 ኖርማንዲ ላይ ለአንዳንድ ክፍሎች ይህንኑ ቢያለብሷቸው ግን ወገኖቻቸው ጀርመን መስለዋቸው ተኮሱባቸው፤ በዚያ ግንባር ዝንጉርጉር መልበስ የጀርመኖች የኤስ ኤስ ጦር ምልክት ሆኖ ነበርና። ልብሱ ወዲያው ተሰበሰበ። ለመሰወር የተሠራው ንድፍ ሳይታሰብ እንደ ጥንቱ ቀይ ኮት የማንነት ማስታወቂያ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው። ፈረንሳዮች በኢንዶቺንና በአልጄሪያ የፓራሹት ወታደሮቻቸውን ዝንጉርጉር ልብስ አለበሱ፤ በ1961 በአልጀርስ ዠኔራሎች በመንግሥቱ ላይ ሲነሡ ልብሱ የእነዚያ ጦሮች ኩራት ሆኖ ይታይ ነበርና በቀጠሉት ዓመታት ከሠራዊቱ ወጣ። ካሙፍላዥ የተወለደበት አገር ሠራዊት ሠላሳ ዓመት ያህል አንድ ወጥ አረንጓዴ ለብሶ ኖረ። በአሜሪካ ደግሞ ቲሞቲ ኦኒል የተባለ መኮንን በ1970ዎቹ ትንንሽ አራት ማዕዘኖችን በትልልቅ ነጠብጣቦች ውስጥ ማሰባጠርን አጠና። ትንሽ ንድፍ ከሩቅ ሲያዩት ተቀላቅሎ አንድ ቀለም ይሆናል፤ ትልቁ ብቻውን ከቅርብ አይሰውርም፤ ሁለቱ ከተሰባጠሩ ግን በቅርብም በሩቅም ይሠራሉ ነው ነገሩ። ሐሳቡ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ቆይቶ በካናዳ ተነሣ፤ በ2002 የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኞች ለበሱት፤ በነጠብጣቡም መካከል የክፍላቸውን ምልክት በጥቃቅኑ አተሙበት። ከጥቂት ዓመት በኋላ የምድር ጦሩ ለበረሃም፣ ለጫካም፣ ለከተማም ይሆናል ያለውን አንድ ግራጫ ንድፍ አወጣ፤ በአፍጋኒስታን ተራራ ላይ ግን የትም የማይሰውር ሆኖ ወታደሮቹ አማረሩ። ከ2010 ጀምሮ በሌላ ይተካ ጀመር፤ በ2019 ጨርሶ ቀረ። ለሁሉ ቦታ ይሁን የተባለ ቀለም ለየትኛውም ቦታ ሳይሆን ቀረ።

በናንሲ ከተማ በሎሬን ሙዚየም አንድ አሮጌ ኮት አለ። አረንጓዴ፣ ቡናማና ጥቁር ጠብጣብ ያለበት፣ ሉዊ ገንጎ በ1914 በእጁ የቀባው፣ ሠራዊቱ አልፈልግም ብሎ የመለሰው ኮት ነው።